ሞክቴዙማ የተናገረ ዕለት

ባለፈው ወር ለወጥ ቤታችን ድንጋይ ልመርጥ ወደ አንድ ድንጋይ ቆራጭ ቤት ጎራ ብዬ ነበር። ሻጯ ናሙናዎቹን በየተራ እያሳየችኝ ሳለ፣ ከግድግዳው ጀርባ አንድ ሠራተኛ የመጋዙን ውሃ ከፍቶ ማሽኑን አስነሳ። ወዲያው ያ ሽታ መጣ። ድንጋይ በውሃ እየራሰ ሲቆረጥ የሚሸተውን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ዝናብ የመታው አስፋልትና አሁን የጠፋ ክብሪት አንድ ላይ ያስብ። ሻጯ «የትኛውን ወደድሽው?» ትለኛለች፤ እኔ ግን አሥር ዓመቴ ነው፤ እጄ ላይ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ አለ፤ ልብሴ ጭቃ በጭቃ ሆኗል፤ ጋሽ ደምሴም ከጎኔ በርጩማ ላይ ተቀምጦ «ጀርባውንም ፈትጊው እንጂ፤ ጀርባ የለውም እንዴ?» ይለኛል።

ምንም ሳልመርጥ ወጣሁ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ብቻዬን ስቄ ስቄ ዓይኔን ጠረግሁ።

ያን ጊዜ የምንኖረው አሜሪካ፣ ከአትላንታ ወጣ ብላ ባለችው ሊቶኒያ ነበር። ሰፈራችን ውስጥ ቤቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለነበሩ የእኛን የምለየው በፖስታ ሳጥኑ መጣመም ነው። አባቴ የጭነት መኪና ስለሚነዳ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ መጥቶ፣ ሁለት ቀን ተኝቶ ይሄዳል። እናቴ አስቴር የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የነርስ ረዳት ነበረች፤ የዚያን ሰመር ደግሞ ሰው ጎድሎባቸው ሺፍት እየደረበች ትሠራ ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ታዲያ እኔን የሚጠብቅ ሰው ተፈለገ። የተገኘው ቤዝመንታችን ውስጥ ተከራይቶ የሚኖረው ጋሽ ደምሴ ነው።

ጋሽ ደምሴ ስድሳን ያለፈ፣ ቀጭን፣ ቤት ውስጥ እንኳ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው ነበር። አዲስ አበባ ሳለ ዕድሜውን የጨረሰው ማዕድን በሚፈለግበት መሥሪያ ቤት፣ ከመሬት ተቆፍሮ የወጣ ድንጋይ ሲመዘግብ ነው። ዲቪ ደርሶት አትላንታ ሲመጣ ድንጋይ የሚያስመዘግበው ሰው ስላላገኘ ዳውንታውን አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ገባ። ማታ ሠርቶ ጠዋት ይመለሳል፤ እስከ ስድስት ሰዓት ይተኛል፤ ከዚያ ፊቱን ታጥቦ «እህ፣ የት ደረስን?» ይለኛል። እናቴ «እርስዎ» ነበር የምትለው። እኔ ገና ከመጀመሪያው ቀን «አንተ» ብዬው ስትቆጣኝ፣ «ተያት አስቴር፤ አንተ ስትለኝ ወጣት የሆንኩ ይመስለኛል» አላት።

ፓርኪንጉ ውስጥ ከእሱ ጋር የሚፈራረቀው ራሞን የሚባል የሜክሲኮ ሰው ነበር። ራሞን የተወለደው ቺዋዋ በሚባል በረሃማ አገር ነው፤ ወንድሙ አሁንም እዚያ ከብት ያረባል። ራሞን ዘመድ ጠይቆ በመኪና ሲመለስ ለጋሽ ደምሴ አንድ የቀለም ባልዲ ሙሉ ድንጋይ ያመጣለታል። ጋሽ ደምሴ ባልዲውን ሲያስገባ «የሜክሲኮ ድንጋይ ነው» ቢላት፣ እናቴ «ውይ፣ ሜክሲኮ አደባባይ ደግሞ ድንጋይ መሸጥ ተጀመረ?» ብላ ለአንድ ሳምንት አስቃዋለች።

እነዚያን ድንጋዮች ማጠብ የእኔ ሥራ ሆነ።

መጀመሪያ ባልዲው ውስጥ ያለው ድንች መስሎኝ ነበር። መጠኑም፣ ቆዳውም፣ የተጣበቀበትም አፈር የድንች ነው። «ትወጃቸዋለሽ ያለኝ እነዚህን ነው?» ብዬ ከፋኝ። ጋሽ ደምሴ አንዱን አንስቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠው። ከመጠኑ በላይ ከበደኝ።

«አጌት ይባላል» አለኝ። «ልብሱን አትዪበት፤ ከበረሃ ነው የመጣው።»

ከዚያ፣ ቀደም ብሎ የተሰበረ አንድ ድንጋይ ነጭ የሾርባ ሳህን ውስጥ ውሃ ሞልቶ ከተተው። ድንጋዩ ደረቅ ሳለ አመዳም ነበር። ውሃ ሲነካው ግን ቀይ፣ ከቀይ ቀጥሎ ብርቱካን፣ ከብርቱካን ቀጥሎ ነጭ፣ እንደገና ቀይ፣ እንደ ክር የቀጠኑ መስመሮች ተደርድረው ብቅ አሉ። ጮህኩ። እስካሁንም ቢሆን ደረቅ ድንጋይ ባየሁ ቁጥር ውሃ ላፈስበት ያምረኛል።

የጋሽ ደምሴ ትምህርት ችኮላ የለበትም። መጀመሪያ በእጅ መመዘን ነው። ቀጥሎ የተሰነጠቀውን ጠርዝ በባትሪ ማብራት ነው፤ አጌት ከሆነ ጠርዙ ብርሃን ያሳልፋል፤ ተራ ድንጋይ ከሆነ ድርቅ ይላል። ቀጥሎ አሮጌ ጠርሙስ ላይ መጫር ነው፤ ጠርሙሱን ካልጫረ ወደ ጓሮ ይወረወራል። ስም የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው፤ ስማቸውም የተገኙበት አካባቢ ስም ነው። ቀይ ሆኖ መስመሩ የተጠጋጋው ላጉና ነው። ወይን ጠጁ ኮያሚቶ ነው። ሮዝና ለስላሳ ቢጫ የሆነው፣ የሕፃን ብርድ ልብስ የሚመስለው ሞክቴዙማ ነው። መስመሩ ተጠማዝዞ ተጠማዝዞ መነሻው የሚጠፋው ደግሞ በእንግሊዝኛ የእብድ ዳንቴል እንደ ማለት የሆነ ስም አለው፤ ጋሽ ደምሴ ግን «የእትዬ ዳንቴል» ይለዋል፤ እህቱ ሶፋ ላይ የምታነጥፈውን ዳንቴል ይመስላል ብሎ ነው።

መስመሮቹ እንዴት እንደሚሠሩም ነግሮኛል። ድንጋዩ ውስጥ ቀድሞ ክፍት ቦታ ነበረ፤ ውሃ ያንን ክፍት ቦታ እያጠበ ሲያልፍ የያዘውን ይለጥፍበታል፤ ከጠርዝ ጀምሮ ወደ ውስጥ፣ ልክ ውሃ ማፍያ ውስጥ እንደሚጋገረው ነጭ ነገር።  ማታ ከደጃችን አንድ ጠጠር አንስቼ በብርጭቆ ውሃ ነከርኩና አልጋዬ ሥር ደበቅሁት። በየጠዋቱ መስመር አውጥቶ እንደሆነ አያለሁ። በመጨረሻ ጋሽ ደምሴ ጋ ይዤው ወረድኩ። ጠጠሩን ከውሃው አውጥቶ፣ አገላብጦ፣ ምንም ሳይስቅ፣

«ስንት ቀን ሆነው?» አለኝ።

«ሰባት።»

«በርቺ፤ ጥቂት ሚሊዮን ዓመት ነው የቀረው።»

እኔም በርትቼ መልሼ አልጋዬ ሥር አስቀመጥኩት።

ጋሽ ደምሴ አንድ ልማድ ነበረው። አዲስ ድንጋይ ሲያነሳ ከሁሉ በፊት ዓይኑ ድረስ አቅርቦ «ማነህ አንተ? ከየት ነው የመጣኸው?» ይለዋል። ይህን የጀመረው በመሥሪያ ቤቱ ነው። ስሙና የመጣበት ቦታ ያልተጻፈለት ድንጋይ መጋዘን ውስጥ ምንም ቢያምር ዋጋ የለውም፤ ስለዚህ ጥያቄው እንደ ሰላምታ ሆኖበት ቀረ። እኔ ደግሞ ድንጋዩን ወክዬ መመለስ ጀመርኩ። ድንጋይ ሽማግሌ ስለሆነ ድምፁ ወፍራም መሆን አለበት ብዬ አስቤ፣ አገጬን አንገቴ ውስጥ ቀብሬ፣ ከሆዴ «ላጉና ነኝ!» እላለሁ። ልክ ከሆንኩ ጋሽ ደምሴ «እንኳን ደህና መጣህ» ይለዋል። ከተሳሳትኩ «ዋሽተሃል፤ ተናገር!» ይላል። ከዚያ ደብተሬ ላይ ቁጥር ሰጥቼ እጽፈዋለሁ። የዚያን ሰመር ባልዲ አጥቤ ስጨርስ ድንጋዮቹ ሠላሳ አንድ ሆኑ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ይዛችሁ ሐሙስን ተመልከቱ።

ሐሙስ ሐሙስ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የእናቴ ቤተ ክርስቲያን እህቶች ቤታችን ተሰብስበው ይጸልያሉ። መሪያቸው እህት ብርቄ ናት። እህት ብርቄ ትልቅ ሰውነትና ትልቅ ድምፅ ያላት፣ ሎሚ ከረሜላ ከአፏ የማይለይ፣ የታመመ ሲኖር ከሐኪሙ ቀድማ የምትደርስ ሴት ነበረች። በሰው ልጅ ላይ ክፉ ነገር ሲደርስ ቆማ ማየት አትችልም።

የዚያን ሐሙስ ጋሽ ደምሴ ወደ ሥራ ከመሄዱ በፊት እኔና እሱ ፈተና ላይ ነን። በባትሪ የምናየው ብርሃን እንዲጎላ መጋረጃውን ዘግተናል፤ ግን የጓሮው በር መስታወት ዳር ላይ መጋረጃው አልገጠመም። የኤሲው ብርድ ስለማይስማማው ጋሽ ደምሴ ጋቢውን እስከ ራሱ ተከናንቧል። ጠረጴዛው ላይ ውሃ የሞላው ነጭ ሳህን፣ ውሃው ውስጥ ድንጋዮች፣ ከሥር ባትሪ እየበራ። ከፊቱ እኔ። ከፊት ለፊት ቦታ ሞልቶባት መኪናዋን በጓሮ በኩል ፓርክ ያደረገችው እህት ብርቄ በመስታወቱ ያየችው ይህንን ነው። የሰማችው ደግሞ ሽማግሌው ልጂቱን «ማነህ አንተ? ከየት ነው የመጣኸው?» ሲላት፣ ልጂቱም በወንድ ድምፅ «ሞክቴዙማ ነኝ!» ስትል፣ ሽማግሌውም «ዋሽተሃል፤ ተናገር!» ሲል ነው።

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ታስቡ ነበር?

ጋሽ ደምሴ ሰዓቱን አይቶ ጫማውን ለማድረግ ሲነሳ እኔ እየዘለልኩ ወደ ላይ ወጣሁ። ሳሎን ውስጥ ሰባት ሴቶች ቆመው ያዩኛል። እናቴ የሥራ ልብሷን እንኳ አላወለቀችም፤ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። እህት ብርቄ «ነይ የኔ ልጅ» ብላ ወደ መሃል ወሰደችኝና አናቴ ላይ እጇን ጫነች። ከባድና ሞቃት እጅ ነበር። ሌሎቹም ከበቡኝና ጸሎቱ ተጀመረ። ጸሎት ስለለመድኩ ምንም አልመሰለኝም። ፈተናዬን ጨርሼ ስለመጣሁ ምናልባት ለትምህርቴ ይሆናል አልኩ።

ከዚያ እህት ብርቄ ጮክ ብላ «በኢየሱስ ስም! ስምህ ማነው? ተናገር!» አለች።

ደስ አለኝ። ጋሽ ደምሴ ጨዋታውን አስተምሯቸዋል ማለት ነው። እንዲህ ብዙ ሰው ሆነን ተጫውተነው አናውቅም። አገጬን ቀበርኩና ከሁሉ የበለጠ ወፍራም ድምፄን አወጣሁ።

«ላጉና ነኝ!»

አንዷ ሴት «እሪ!» ብላ ሶፋው ላይ ተቀመጠች።

«ስንት ናችሁ?» አለች እህት ብርቄ። 

ይህን በደንብ አውቀዋለሁ፤ ደብተሬ ላይ አለ። «ሠላሳ አንድ!»

«ከየት ነው የመጣችሁት?»

«ከበረሃ!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን በሙሉ አላስታውስም። ሁሉም ባንድ ጊዜ ይጮኻሉ፤ «ልቀቃት! ውጣ!» ይላሉ፤ ዘይት ግንባሬ ላይ ተቀባ። የማስታውሰው እናቴን ነው። ወለሉ ላይ ተንበርክካ እግሬን ይዛ ታለቅስ ነበር። እናቴ ስታለቅስ አይቼ አላውቅም፤ ያኔ ጨዋታ እንዳልሆነ ገባኝ። ቀና ስል ጋሽ ደምሴ ከቤዝመንቱ ደረጃ ራስ ላይ ቆሟል። ጋቢው ትከሻው ላይ፣ ባትሪው እጁ ላይ። እህት ብርቄ ጣቷን ቀሰረችበት። «ጠጠር ጣይ ነው! በዓይኔ አይቻለሁ፤ ውሃ ላይ ጠጠር ጥሎ መናፍስት ሲጠራባት!» እሱ አንገቱን ደፍቶ ወረደ፤ ቀጥሎ የመኪናው ድምፅ ተሰማ።

በማግስቱ እናቴ ቤዝመንቱ በር ላይ ቆማ ስታናግረው ከደረጃው ላይ ሆኜ ሰማሁ።

«ጋሽ ደምሴ፣ እርስዎን እንደ ታላቅ ወንድሜ ነው የማየው። ግን ልጄ ናት፤ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት።»

«ይገባኛል፣ አስቴር።»

«ቸኮልሽ አይበሉኝ...»

«በፊታችን ካለው እሁድ የሚቀጥለው እሁድ እወጣለሁ። ብራያርክሊፍ መንገድ አካባቢ አንድ ወዳጅ አለኝ፤ ክፍል አያጣልኝም።»

እሷ አለቀሰች፤ እሱ ነበር የሚያጽናናት። እኔ ግን ሮጬ ወርጄ «ጨዋታ ነው!» አላልኩም። ለምን አላልሽም ብትሉኝ፣ እኔ ራሴ እርግጠኛ አልነበርኩም። ሰባት ትልልቅ ሰዎች፣ ከነሱ አንዷ እናቴ፣ በውስጤ የሆነ ነገር አለ ብለው ካለቀሱ ሊኖር ይችላል። ድምፁስ ቢሆን ከሆዴ አይደል የሚወጣው?

በቀጣዩ ሳምንት ቀን ቀን እህት ብርቄ ቤት ዋልኩ። በጣም ደግ ነበረች። ማካሮኒ ትሠራልኛለች፤ ፀጉሬን ትሠራኛለች፤ ጠዋትና ከምሳ በኋላ ትጸልይልኛለች። ስበላ በዓይኗ ጠርዝ ታየኛለች፤ እኔም ራሴን አዳምጣለሁ። ስቅ ሲለኝ ኮያሚቶ ነው እላለሁ። ሆዴ ሲጮህ ሞክቴዙማ ነው። አንድ ቀን መስታወት ፊት ቆሜ አፌን ከፍቼ በእህት ብርቄ የእጅ ባትሪ ወደ ውስጥ አበራሁ፤ ምንም አላየሁም፤ ከጉሮሮዬ በታች ጨለማ ነው። ወደ ቤት ስመለስ ደግሞ በረንዳው ላይ ካርቶኖች ይጨምራሉ። ጋሽ ደምሴ ድንጋዮቹን በጋዜጣ እየጠቀለለ ነው። ሲያየኝ ባርኔጣውን ከፍ አድርጎ ሰላም ይለኝና ዞር ይላል። የሚያስለቅሰኝ ያ ባርኔጣ ነበር። በእኔ የተነሳ ነው የሚሄደው፤ ቢሄድ ደግሞ ማን «የት ደረስን?» እንደሚለኝ አላውቅም።

ረቡዕ ዕለት እናቴ ከእህት ብርቄ ቤት ወስዳኝ ወደ ቤት ስንሄድ አላስቻለኝም።

«ማሚ፣ ሞክቴዙማ ወጣ እንዴ ከሆዴ?»

መሪውን ጨብጣ ያዘች። «ያንን ስም አትጥሪ።»

«ኖ፣ ላይክ... ማወቅ ፈልጌ ነው። ምክንያቱም ሮዝ ነው። ክፉ አይመስልም።»

«ምኑ ነው ሮዝ?»

«ሞክቴዙማ። ሮዝና ቢጫ ነው። ላጉና ነው ቀዩ።»

እናቴ ፍጥነቷን ቀነሰች። ከዚያ ቀስ ብላ «የት አየሽው?» አለችኝ።

«ባልዲው ውስጥ። እኔ ነኝ ያጠብኩት።»

አንድ የግሮሰሪ ግቢ ውስጥ ገብታ ፓርክ አደረገች። ሞተሩን አጥፍታ ወደ እኔ ዞረች። ከቦርሳዬ ውስጥ ደብተሬን አውጥቼ ሰጠኋት። ገለጠችው። «አንድ፤ ላጉና፤ ቀይ፤ ጠርሙስ ይጭራል። ሁለት፤ የእትዬ ዳንቴል። ሦስት፤ ኮያሚቶ፤ ወይን ጠጅ፤ ትንሽ ነው።» እስከ ሠላሳ አንድ። ሠላሳ አንድ ላይ «ገና አልተቆረጠም፤ የኔ» የሚል ተጽፏል። የመጨረሻው ገጽ ላይ ስትደርስ መሪው ላይ ግንባሯን ደፋች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ እንደገና አስለቀስኳት ብዬ ደነገጥኩ። እየሳቀች ነበር። ሳቋ ወደ ልቅሶ፣ ልቅሶዋ ወደ ሳቅ እየሄደ፣ ጉንጬን በሁለት እጇ ይዛ «ድንጋይ ነው? ሠላሳ አንዱም ድንጋይ ነው?» ትለኛለች።

«የስ፣ ማሚ። ድንጋይ ነው።»

«ሆድሽ ውስጥስ?»

«ማካሮኒ መሰለኝ።»

እቅፍ አደረገችኝ። ከደረቴ ላይ አንድ ትልቅ ነገር ሲነሳ ተሰማኝ፤ ሳምንቱን ሙሉ ምን ያህል ፈርቼ እንደነበር ያወቅሁት ያኔ ነው።

ቤት እንደደረስን ቀጥታ ቤዝመንት ወረደች፤ እኔም ተከተልኳት። ጋሽ ደምሴ ካርቶን በፕላስተር እያሸገ ነበር። እናቴ ደብተሩን ደረቷ ላይ ይዛ ቆመች።

«ጋሽ ደምሴ፣ ይቅር ይበሉኝ። ቀና ብዬ እርስዎን ማየት አፍሬያለሁ።»

«ተቀመጪ እንጂ።»

«ለምን አልነገሩኝም? ያኔውኑ ድንጋይ ነው ቢሉኝ ምን ነበረበት?»

ጋሽ ደምሴ ፕላስተሩን አስቀመጠ። «ደረጃው ላይ ቆሜ ሳያችሁ ለልጅ ትጸልያላችሁ። ለልጅ የሚጸለይ ጸሎት እንዴት ይቋረጣል? ኋላ ደግሞ ሳስበው፣ ጋቢ ተከናንቤ፣ መጋረጃ ዘግቼ... እኔም ራሴን ባየው እጠረጥረው ነበር።»

እናቴ በእንባዋ መሃል ሳቀች። ከዚያ «አይሂዱብን» አለችው። እሱ ግን ለወዳጁ ቃል ሰጥቷል፤ ካርቶኑም ታሽጓል። ሰባት ሰው ፊት ጠጠር ጣይ መባልም ቀላል አይደለም፤ ይህንን እሱ አላለውም፤ ግን ዓይኑ ላይ ነበር። «እስቲ እናያለን» ብቻ አለ። «ቅዳሜ የልጂቱን ድንጋይ ለማስቆረጥ ቀጠሮ ይዤላት ነበር፤ ያንን አናስቀርባት።»

ቅዳሜ አራት ሆነን ሄድን፤ እናቴ ስትነግራት እህት ብርቄ «በዓይኔ ካላየሁ አላምንም» ብላ መጥታለች። ድንጋይ የሚወዱ ሰዎች የሚሰበሰቡበት ክበብ ነበር፤ ከአንድ አዳራሽ ጀርባ ባለ ጋራዥ ውስጥ መጋዝ አላቸው። የቆዳ ሽርጥ ያደረገ ፈረንጅ ሽማግሌ ተራ ያስጠብቃል። ተራችን እስኪደርስ እህት ብርቄ ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩትን ድንጋዮች አንድ በአንድ አየቻቸው፤ መጀመሪያ እጇን ከኋላ አድርጋ፣ ከዚያ በአንድ ጣት እየነካች። በመጨረሻ ከጣቷ ደማቅ ሰማያዊ ቀለበት አወለቀችና ለጋሽ ደምሴ ዘረጋችለት። «ይቺስ? ኢየሩሳሌም የሄደች ልጅ ናት ያመጣችልኝ።»

ጋሽ ደምሴ በባትሪ አየው። እኔም በክንዱ ሥር አጮለቅሁ። ስንጥቆቹ ውስጥ ሰማያዊው ተጠራቅሞ ይታያል። በቀለም የተነከረ ድንጋይ እንደዚያ እንደሚሆን እሱ ራሱ ነው ያስተማረኝ። አፌን ስከፍት በክርኑ ነካ አደረገኝ።

«ያመጣችልሽ ልጅ በጣም ትወድሻለች ማለት ነው» አለና መለሰላት። እህት ብርቄ ቀለበቷን አድርጋ ቀና ብላ አየችው፤ ቆየት ብላ «ጋሽ ደምሴ፣ እኔ አፌ ይቀድመኛል፤ እርስዎን በሰው ፊት...» ብላ አልጨረሰችውም። እሱም «የእኔ ልጅ ብትሆን ኖሮም እንደዚያው ነበር የምትጮኺላት፤ በዚህ እንዴት አዝንብሻለሁ?» አላት።

ከዚያ ተራችን ደረሰ። ሠላሳ አንደኛው ድንጋይ በብረት ታሰረ፤ ውሃው ተከፈተ፤ ያ ሽታ ተነሳ። ላጉና ይሁን ብዬ ለአንድ ወር ጸልዬበታለሁ። መጋዙ ድንጋዩን በላው፣ በላው፣ ጸጥ አለ። ሽማግሌው ሁለቱን ግማሾች አጥቦ ጋሽ ደምሴ እጅ ላይ አስቀመጣቸው። ቀይ አልነበረም። ሮዝም አልነበረም። ዳር ዳሩን ቀጭን ግራጫ መስመር ዞሮታል፤ መሃሉ ክፍት ነው፤ ክፍቱን ዙሪያውን ጥቃቅን ነጭ ብልጭልጭ ጠጠር ሞልቶታል። ውስጡ ማንም የለም።

ጋሽ ደምሴ ድንጋዩን እንደ ልማዱ ወደ ዓይኑ አቀረበ፤ አፉንም ከፈተ። ከዚያ እህት ብርቄን አየና ዝቅ አደረገው። ጥያቄውን መጠየቅ ተወ። ከሁሉ ይልቅ ያ አሳዘነኝ።

እናቴም አየችው። እጇን ዘርግታ አንዱን ግማሽ ከእጁ ወሰደችና ፊቷ ድረስ አቀረበችው።

«ማነህ አንተ?» አለችው። «ከየት ነው የመጣኸው?»

 እኔ እህት ብርቄን አያለሁ፤ ትንፋሼን ይዣለሁ። እህት ብርቄ ከረሜላዋን ወደ ሌላኛው ጉንጯ አዞረችና ጎኔን በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ።

«መልሺላት እንጂ፣ የኔ ልጅ!»

አገጬን አንገቴ ውስጥ ቀበርኩ። «ከበረሃ ነው የመጣሁት!» አልኩ በዚያው በወፍራሙ ድምፄ። «ስሜን አላውቀውም! ውስጤ ማንም የለም!»

«ተመስገን!» አለች እህት ብርቄ፣ ጋራዡ እስኪያስተጋባ። እናቴ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ፈረንጁም ምን እንደሆነ ሳይገባው ሳቀ። ጋሽ ደምሴ ባርኔጣውን አውልቆ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ፤ ከዚያ «እንኳን ደህና መጣህ» አለው ድንጋዩን።

ወደ መኪናው ስንሄድ እኔና እሱ ወደ ኋላ ቀረን።

«ራሞን ነገ ከአገሩ ይገባል» አለኝ። «ባልዲ ሙሉ ይዟል አሉ።»

«ነገ አንተ ትሄዳለህ እኮ።»

«እሄድ ነበር። ግን ብራያርክሊፍ ያለው ወዳጄ ድንጋይ የሚያጥብ ሰው የለውም።» ጥቂት እርምጃ ሄደና ቆመ። «ብሩሽሽን አልጣልሽውም አይደል?»

አልጣልኩትም። ሳምንቱን ሙሉ ትራሴ ሥር ነበር።